ወደ ምሥራቅ ዞሮ ስለሚያፈሰው ቡቢላችን

ሰኔ ፲፪ ቀን ፳፻፰ ዓ.ም.
ትሮስተሩድ፣ ኦስሎ

ለክቡር አቶ ሀብቴ
በኦስሎ የኢትዮጵያውያን ጡረተኞች የጉዞ ማኅበር ሊቀ መንበር

ግልባጭ፦ ለመላው አባላት፤ በአዳራሹ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ።

ክቡር ሆይ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? በአውቶቡስ ሾፌርነት ዘመንዎ የደከመው ወገብዎ እንዲያርፍ፣ የሰሞኑም ዝናብ እንደ ቡቢላችን ወደ ውስጥዎ እንዳይዘልቅ የዘወትር ምኞቴ ነው። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ደረቅም ነኝ።

ነገሩን በሩቅ ለሰሙ አባላት በአጭሩ ላስታውስ። ማኅበራችን በሚያዝያ ወር ከአሜሪካ የመጣ አሮጌ ቡቢል፣ ማለትም አልጋና ማድቤት ያለው የጉዞ መኪና አገኘ። አንዱ ግድግዳው ቁልፍ ሲጫኑት ከነአልጋው ወደ ውጭ ተንሸራትቶ ቤቱን ያሰፋል። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ በዚሁ ተንሸራታች ክፍል በኩል ውኃ መግባት ጀመረ። መኪናው በሐምሌ መጀመሪያ ስድስት አባላትን ይዞ ወደ ቤርገን ይሄዳል፤ ቤርገን ደግሞ ዝናብ ናፍቆት የሄደ ሰው አፍሮ የማይመለስባት ከተማ ናት። በግንቦቱ ዝርዝር ላይ ተራ ቁጥር ሦስት እኔ ነበርኩ። ባለፈው እሑድ በተለጠፈው ዝርዝር ላይ ግን የለሁም፤ በቦታዬ አቶ ሳምሶን «የቴክኒክ ኃላፊ» ተብለው ገብተዋል። ባለቤቴ ወይዘሮ እታገኘሁ በተራ ቁጥር ሁለት እንዳለች ናት።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ዲያቆን ፋኑኤል ጸበል በረጩበት ዕለት፣ የቅዳሜ ጸሎታችን በቡቢሉ ውስጥ ስለሚደረግ መኪናው ምንጊዜም ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ እንዲቆም እርስዎ ወስነዋል። እኔም እጄን አውጥቼ ደግፌአለሁ፤ ድርሻዬን አልክድም። ዳሩ ግን የፓርኪንጉ ሜዳ ከሰሜን ወደ ደቡብ እንደሚያዘቀዝቅ በዚያን ቀን ማናችንም ልብ አላልንም። መኪናው ወደ ምሥራቅ ሲዞር ተንሸራታቹ ክፍል የሚወጣው ወደ ሰሜን፣ ወደ ዳገቱ ነው፤ ስለዚህ የክፍሉ ጣሪያ ወደ ውጭ መሆኑ ቀርቶ ወደ መኪናው ያዘነብላል፤ ዝናቡም የተሰጠውን አቅጣጫ ተከትሎ በታዛዥነት ይገባል። ይህን በውኃ ልክ ለክቼ ስነግርዎ «ታዴ፣ ለአንተ ብለን ምሥራቅን እናዛውርልህ?» ብለው አዳራሹን አሳቁት። መኪናው ወደ ምዕራብ ቢዞርም እኛ በኋለኛው መስኮት በኩል ወደ ምሥራቅ መጸለይ እንደምንችል ላስረዳ ስነሳ ስብሰባው ተዘጋ። ስለ ፈጣን አመራርዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ሁለተኛ፤ በትቬይታ ቀለም መሸጫ ይሠሩ የነበሩት ትጉሁ ወንድማችን አቶ ሳምሶን ቪዲዮ ተመልክተው ሦስት ቱቦ ሲሊኮን ይዘው መጡ። ግንባራቸው ላይም መብራት አስረው ነበር፤ በጠራራ ፀሐይ። ውኃው የሚገባበትን ቦታ ሳይፈልጉ በክፍሉ ዙሪያ ያለውን የማሸጊያ ጎማ በሙሉ ለቀለቁት። እኔ በተማርኩበት የሙያ ትምህርት ቤት መምህራችን ውኃው የገባበትን ቦታ በደብተራችን ላይ ሳንጽፍ መሣሪያ ከነካን የእጃችንን ጀርባ በማስመሪያ ይመቱን ነበር። ከዚያ በኋላ ሃያ ሁለት ዓመት የአውቶቡስ ቦዲ ስሠራ ያንን ማስመሪያ ረስቼው አላውቅም። ይህ ጎማ ክፍሉ በወጣና በገባ ቁጥር ግድግዳውን እየታከከ የሚጠርግ ስለሆነ መጣበቅ የለበትም። በማግስቱ እርስዎ ቁልፉን ሲጫኑ ጎማው ከላይኛው የኋላ ጥግ ጀምሮ አንድ ክንድ ያህል ተቀደደ፤ ድምፁን ሁላችንም ሰምተናል። አቶ ሳምሶን «ቦታውን እየያዘ ነው፣ ጋሼ» አሉ። እርስዎም አጨበጨቡ።

ሦስተኛ፤ ዕለቱኑ «ኢንጂነር» የሚል ስም አወጡላቸው። የምህንድስና ማዕረግ በፓርኪንግ ሜዳ በጭብጨባ እንደሚሰጥ ቀደም ብዬ ባውቅ ኖሮ ብዙ ዓመት ይተርፈኝ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ባለቤቴ እራት ስናቀርብ እንኳ «የሳምሶን እጅ የተባረከ ነው እኮ» ትላለች። የማድቤታችን ቧንቧ በእኔ እጅ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳያፈስ መኖሩን የሚያነሳ የለም፤ ለማያፈስ ነገር ማን ያወራለታል?

አራተኛ፤ ይኸኛው ቅሬታ ሳይሆን ሪፖርት ነው። ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከሕንፃችን ጥገና ሠራተኛ፣ ከቫክትመስተሩ፣ የአትክልት ማጠጫ ቱቦ ተውሼ፣ ለጽዳት ቁልፍ የተሰጣትን ባለቤቴን ውስጥ አስቀምጬ፣ ሥራውን በወጉ ሠራሁት። በውስጥ በኩል በመገጣጠሚያው ሁሉ ደረቅ የማድቤት ወረቀት ለጠፍን። ከላይ ቢጀመር ውኃው ወርዶ ሁሉንም ያረጥብና ምንጩን ስለሚሰውር ከታች ጀመርኩ፤ በየቦታውም አሥር አሥር ደቂቃ አፈሰስኩ። ታችኛው ደረቅ፤ ጎኖቹ ደረቅ። ከላይ የኋለኛው ጥግ ላይ ስደርስ ግድግዳው ተንኳኳ። «በቃ፣ አቁም፣ ረጠብኩልህ» አለች። ወርዳ ፀጉሯን እያደረቀች «ሳምሶን ይህን ቢያይ እንዴት ደስ ባለው» ስትል ቱቦውን ጠቀለልኩ።

መፍትሔው እነሆ፦ ሲሊኮኑ በፕላስቲክ መፋቂያ ይነሳ፤ የላይኛው ጎማ በአዲስ ይተካ፤ ክፍሉ ከመከፈቱ በፊት መኪናው በውኃ ልክ ይታይ፤ እዚህ ሜዳ ላይ ደግሞ ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዙር። አዲሱን ጎማ ለክቼ አስመጥቻለሁ፤ ተጠቅልሎ ኮሪደሬ ውስጥ ተቀምጧል።

ክቡር ሆይ፤ ይህን የሚያነቡ አባላት «ታደገ ቀንቶ ነው» ማለታቸው አይቀርም። ልክ ናቸው፤ ቀንቻለሁ። በግንባር መብራቱ አይደለም፤ በማዕረጉም ቢሆን ጥቂት ብቻ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መኪናዎ እንግዳ ድምፅ ባሰማ ቁጥር መጀመሪያ የሚደውሉት ለእኔ ነበር፤ ቫይትቬት ቤትዎ ድረስ በበረዶ በእግሬ መጥቼ ከመኪናዎ ሥር የተኛሁበትን ክረምት እርስዎም አይረሱትም። ዘንድሮ ውኃ ሲገባ ስልክዎን አነሱና የሌላ ሰው ቁጥር ደወሉ። የቀናሁት በዚያች ስልክ ነው። ይህችን አንቀጽ ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል።

ስሜ ወደ ዝርዝሩ እንዲመለስ ማመልከቻ አላስገባም። የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ቤቴ ነኝ፤ እርስዎ ራስዎ ከደወሉ ጎማውን ተሸክሜ እወርዳለሁ። በጸሐፊ በኩል ከተደወለ ግን ስልኩ ይጠራል፤ አይነሳም።

ለማይነቃነቀው ውሳኔዎ ካለኝ ከፍ ያለ አክብሮት ጋር፣ በስብሰባ ከኋለኛው ረድፍ፣ በዝርዝሩ ደግሞ ከወረቀቱ ውጭ የሚገኘው ታዛዥዎ፣

ታደገ ወንድይራድ
የቀድሞ የአውቶቡስ ቦዲ ሠራተኛ፤ ያለ ማዕረግ

ከፊርማ በኋላ የታከለ፦ በሙከራው ዕለት ውኃው የሚንጠባጠብበትን ቦታ በሜትር ለክቻለሁ። እርስዎ ባወጡት የአልጋ ድልድል መሠረት ቦታው የሊቀ መንበሩ ትራስ ነው። ከቤርገን ሲመለሱ ልነግርዎ አስቤ ነበር፤ ባለቤቴ ግን «ሽማግሌ ነው፣ ብርድ ይመታዋል፣ ንገረው» ስላለችኝ ነገርኩዎ። ጎማውን የምቀይረው እኔ ከሆንኩ በዚያ ትራስ ላይ እኔው ለመተኛት ፈቃደኛ ነኝ። ኢንጂነሩም በሠሩት ሥራ ሥር ይተኙ እንደሆነ ቢጠይቁልኝ ውለታዎ አይረሳኝም።