ፊቷን ነጭ ስላስቀቡልን አጣቢ ሴት

ለተከበሩ አቶ ሃልቮርሰን፣
የክሬስትሞር የካርቱን ፊልም ድርጅት የበላይ ኃላፊ፣
ሎስ አንጀለስ

ክቡርነትዎ ከነመላው ቤተሰብዎ በጤናና በጥሩ እንቅልፍ እንዲሰነብቱ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ሉሺየስ ቶሊቨር፣ የሴንትራል ጎዳናው ልብስ ሰፊ፣ እግዚአብሔር ይመስገን እበላለሁ፣ እተኛለሁ፤ ከዚያ ያለፈ ብዙም የሚሰማኝ ነገር የለም።

ከዓለም ጦርነቱ በኋላ ባወጡት አጭር ካርቱን ውስጥ፣ አንሶላዋን ከገመድ ላይ እያወረደች የምትበላባትን ፍየል የምታባርር አንዲት ጥቁር አጣቢ እንደነበረች አይዘነጉትም። የዚያች አጣቢ ድምፅ ሟች ባለቤቴ ኦዴሳ ነበረች።

1ኛ. ፊልሙ በቴሌቪዥን መታየት ሲጀምር እኛ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ከንፈሯ እንዲያ ተነፍቶ፣ ዓይኗ ፈጥጦ መሣሉ ቀርቶ እንደ ሰው እንድትሣል በትሕትና ለምነንዎት ነበር፤ ክቡርነትዎም ልመናችንን ሰምተው ፊቷን ነጭ አስቀብተውልናል። ሰው ትምሰል ስንል ሌላ ሰው ትሁን ያልን መስሎዎት ይሆናል፤ ስለ ፈጣን ምላሽዎ እጅግ እናመሰግናለን።

2ኛ. ከፊቷ ጋር ድምፅዋንም አስለውጠዋል። ባለፈው ቅዳሜ እህቷ ቨርሊን፣ «ያንን መቀስ አስቀምጥና ቶሎ ና፣ ኦዴሳ ልትመጣልህ ነው!» ብላ ጠርታኝ ቴሌቪዥኑ ፊት ከልጅ ልጄ አጠገብ እንደተቀመጥኩ፣ አንዲት ነጭ ሴት ወጥታ በማላውቀው ድምፅ ፍየሏን መሳደብ ጀመረች። ቨርሊን፣ «ኧረ ይቺ ደግሞ ማን ናት?» አለች። እኔ ተነስቼ ወደ ጀመርኩት ሱሪ ተመለስኩ። አላለቀስኩም፤ ማልቀስ እንደነበረብኝ ግን አውቃለሁ። ባለቤቴ በሌላ በምንም ነገር ላይ ድምፅዋን ቀድታ አልተወችልኝም።

3ኛ. የኦዴሳ ስም በፊልሙ ላይ ተጽፎ አያውቅም፤ የአዲሷ ሴትም ስም አልተጻፈም። በዚህ በኩል አድልዎ አለማድረግዎ የሚያስመሰግን ነው።

የድሮው ድምፅ በመጋዘንዎ ጥግ ወድቆ ከሆነ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቁጭ ብዬ እንድሰማው ይፈቀድልኝ ዘንድ እጅ ነስቼ እለምናለሁ።

ጊዜዎን በመሻማቴ ይቅርታዎን የምጠይቅ፣ ሱሪዎ ቢቀደድ ግን በደስታ የምጠግንልዎ፣
ሉሺየስ ቶሊቨር

የተረሳ ነገር፦ በሙያችሁ ድምፁ ቀድሞ ተቀድቶ አፉ ያንን ተከትሎ እንደሚሣል ኦዴሳ አጫውታኛለች። ፊቷን ሲያስቀቡ አፏን እንደነበረ ትተውታል። ፍየሏ የመጨረሻውን አንሶላ ስትውጥ አዲሷ ሴት ዝም ትላለች፤ የተሣለው አፍ ግን ይናገራል። እዚያ ላይ ኦዴሳ ያልተጻፈላትን ከራሷ ጨምራ፣ «ሉሽዬ፣ ኧረ ድረስልኝ!» ብላ ነበር። እንግዲህ በየቅዳሜው ጠዋት፣ አገር ሁሉ እያየ፣ አንዲት ነጭ ሴት አንድ ጥቁር ልብስ ሰፊን በቁልምጫ ስሙ ትጠራለች። በዚህ ቅር የሚለው ሰው ቢጽፍልዎ፣ እኔ አለመሆኔን ከወዲሁ ይወቁልኝ።