የቅምሻው ሳህን

ጥቅምት 6
ዛሬም ሾርባው ተወደደ። የብየዳ ክፍል ሠራተኞች ሁለቴ ተሰለፉ። እጄ ይባረክ... እኔው ለራሴ ካላልኩ ማን ይለኛል? በዚህ የፋብሪካ ኩሽና እኔ ሳልቀምሰው ከእሳት የሚወርድ ድስት የለም።

ከሥራ በኋላ ክሊኒክ ጎራ አልኩ። ራስ ምታቱ አልለቅ ስላለኝ። ነርሱ ልጅ እግር ነው፣ "እናቴ" ይለኛል። ያን ያህል አርጅቻለሁ እንዴ? ክንዴን አስሮ ለካኝ፤ 164 በ102። ደገመው። ያው ነው። ቀልዱን ተወና ለምርመራ ደም ወሰደ።

ጥቅምት 9
የደሙ ውጤት ደረሰ። ግፊቱ አልበቃ ብሎ ኮሌስትሮልም! ሐኪሟ ረጋ ብላ አስረዳችኝ። የላይኛው ቁጥር ልብ ደሙን ስትገፋ ነው፣ የታችኛው ስታርፍ። መጥፎው ስብ ደግሞ የደም ሥሩን ግድግዳ እየያዘ መንገዱን ያጠብበዋል።
"እንደ እቃ ማጠቢያችን ቱቦ?" አልኳት። በስብ እየተደፈነ ስንቴ አስከፍተነዋል!
ሳቀች። "እንደሱ ይያዙት።"
አንድ ክኒን ለግፊቱ፣ አንድ ለስቡ። ጨውና ስብ ይቀንሱ ተባልኩ።

ለታላቅ እህቴ ለእትዬ አልነገርኳትም። ምን ብዬ? ከሁለት ዓመት በፊት እሷን የጣላት ይኸው ግፊት አይደል? ሰፈሩን ስታስቅ የኖረች ሴት... ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አለ፣ አፏ ተሳሰረ። የቀሯት "እህ" እና "በቃ" ናቸው። የማበላት እኔ፣ የማለብሳት እኔ። እኔ ብወድቅስ? እህቴን ማን ያነሳታል?

ጥቅምት 17
ከቤታችን ጨው ጠፋ። ዘይቱም በጠብታ ሆነ። እትዬ አንድ ማንኪያ ቀመሰችና በግራ እጇ ገፋችው። "በቃ።" እውነትሽን ነው፣ እኔም ገፍቼው ነበር። ሎሚ ጨምቄበት፣ አባብዬ አበላኋት።

ጥቅምት 28
የግፊት መለኪያ ገዛሁ። 158 በ99... ክኒኑን አንድ ቀን አላቋረጥኩም። ጨው በደጄ አላለፈም። ታዲያ ምንድን ነው የቀረው? ማሽኑ ይሆን የተበላሸው? ስለ ምክትሌ ስለ ሻለቃ ለእትዬ እያወራሁላት ደግሜ ለካሁ። (ሁሉን ካላዘዝኩ ስለምትል ነው ሻለቃ የተባለችው።) 163! የሻለቃ ወሬ ነው ያስወጣው።

ኅዳር 4
ማሽኑን ይዤ ነርሱ ጋ ሄድኩ። "ቤት እንዴት እንደሚለኩ ያሳዩኝ" አለ። አሳየሁት።
"እናቴ፣ ሲለኩ አያወሩም እኮ!"
ለካ ሥርዓት አለው። ወንበር ተደግፎ አምስት ደቂቃ ማረፍ፣ እግር መሬት፣ ክንድ ጠረጴዛ ላይ በልብ ትክክል፣ ወሬ የለም። እኔ ደግሞ እቤት ለሁለት ነው የማወራው። እትዬ ዝም ስላለች ቤቱ ዝም እንዳይል...
ዝም ብዬ ስለካ ትንሽ ወረደ። ግን አሁንም ከፍ ያለ ነው። ማሽኑ ደህና ነው፣ ከክሊኒኩ መለኪያ ጋር አስተያይቶታል።
"ምሳ ምን ይበላሉ?"
"ምሳ አልበላም።"
"አይርብዎትም?"
እውነትም... አይርበኝም። ለምን ይሆን?
ትንሽ አሰበና፣ "እስቲ አንድ ቀን አፍዎ የገባውን ሁሉ፣ ልክ ያንኑ ያህል እቃ ውስጥ ያጠራቅሙልኝ" አለ። እንዲህ ከቀጠለ ሐኪሟ ሌላ ክኒን ትጨምራለች አለኝ።

ኅዳር 6
ጉዴን ዛሬ አየሁት።

ጠዋት ጎድጓዳ ሳህን ከምድጃው አጠገብ አኖርኩ። ባዶውን ይውላል ብዬ። የአጥንት ሾርባውን ቀመስኩ። ነርሱ ያለውን ነግሬያት ስለነበር ሻለቃ ጭልፋውን ከእጄ ወስዳ ያንኑ ያህል ሳህኑ ውስጥ ገለበጠች።
"ምን ሆነሻል? ቅምሻ እኮ ነው!"
"አፍሽ ገባ አልገባም?"
"ገባ..."
"እንግዲያው እዚህም ይገባል።"
ሾርባ። ጨው ተጨምሮ እንደገና ሾርባ። ስጎ። ምስር። ከመጥበሻው ሥር የምትላቀቀዋ ሥጋ፤ እሷንማ ሳላስበው ነው የማነሳት። የሠራተኛው ምሳ ሳይደርስ ሳህኑ ጢም አለ። ሲቀዘቅዝ ስቡ ከላይ ነጭ ሆኖ ረጋ። ሁለታችንም ቆመን አየነው።
"አንቺ... ይሄን በየቀኑ?" አለችኝ ሻለቃ።

አዎ፣ በየቀኑ። ቅምሻን መብል ነው ብሎ የሚቆጥር ወጥ ሠሪ አለ? እቤት በጠብታ፣ እዚህ በጭልፋ። የእህቴን ማዕድ አልጫ አድርጌ... ደነገጥኩ። ሳህኑን ወስጄ ደፋሁት።

ኅዳር 7
ቅምሻውን ለሻለቃ ሰጠኋት። እሷንም እንዳልጎዳት በሻይ ማንኪያ፣ በድስት አንዴ ብቻ ብዬ። ቀላል ነው እንዴ? ስንት ዘመን በምላሴ የኖርኩ ሰው! ቀምሳ "በቃው" አለች። በቃው ወይ? እኔ በምን አውቄ! ከሰልፉ አንዱ "ዛሬ ማነው የሠራው?" ሲል ሰማሁ። ጓዳ ገብቼ ሽንኩርት ላጥኩ። ለማልቀስ የሚመች ሥራ ነው።

ኅዳር 15
ራበኝ! እኩለ ቀን ላይ፣ እንደ ሰው ራበኝ። ሻለቃ ጎመንና ድንች ለብቻ ቀቅላልኝ ኖሯል። "ተቀመጪና ብዪ። ትእዛዝ ነው።" ይህችን ሴት ስንት ዓመት አምቻታለሁ...

ታኅሣሥ 2
ራስ ምታቱ መቼ እንደተወኝ አላስተዋልኩም።

ታኅሣሥ 20
ክሊኒክ ነበርኩ። መጥፎው ስብ ወርዷል። ሐኪሟ ክኒን አልጨመረችም። "ወረደልኝ ብለው ደግሞ እንዳያቋርጡት" አለችኝ። አላቋርጥም።

ቤት ገብቼ ለእትዬ ሁሉንም ነገርኳት። ሳህኑንም፣ የፈራሁትንም። "የፈራሁት ለራሴ አይደለም፣ እኔ ብወድቅ አንቺን ማን ያይልኛል ብዬ ነው" አልኳት። ከዚያ የመለኪያውን ማሰሪያ በግራ እጇ ሳበችው። ክንዴ ላይ ጠመጠመችው፣ ጫፉን ያዝኩላት። እኔ እንደሆንኩ ወሬዬን አላቆምኩም። ሐኪሟ እንዲህ አለች፣ ሻለቃ እንዲህ...

ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።
"ዝ..." አለች። ጠበቅኳት። ፊቷ ቀላ።
"ዝም በይ።"

እትዬ ናት ያለችው! ጥርት አድርጋ!

ዝም አልኩ። እንባዬ ይወርዳል፣ ድምፅ የለኝም። እንባ ግፊት ይጨምር እንደሆነ ነርሱን አልጠየቅኩትም። ማሽኑ ተነፋ፣ ተነፈሰ። 129 በ81። እትዬ ጎንበስ ብላ ቁጥሩን አየችና "እህ" አለች፣ ልክ እንደ ሐኪም።

ነገም የምታስርልኝ እሷ ናት።