ከረሜላ ለብሼ በመምጣቴ ስላገኘሁት ክብር

ለተከበሩ አቶ ጥዑመልሳን
የማኅበራችን የበዓል ዝግጅት ኮሚቴ ሰብሳቢ
ዳላስ

ይህ ደብዳቤ እርስዎንና ያንን ጥቁር ሱፍዎን በሙሉ ጤንነት እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የሌክ ሃይላንድስ ነዋሪና የማኅበሩ የስምንት ዓመት አባል ስሆን፣ ባለፈው ቅዳሜ አዲሰን ከተማ ባለው አዳራሽ ስለተደረገልኝ መስተንግዶ ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ ግድ ሆኖብኛል።

፩. ኮሚቴዎ በቴሌግራም «የዘንድሮው ዓመታዊ ግብዣ ጭብጥ ከረሜላ ነው፤ ያለ ከረሜላ ልብስ መግባት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ብሎ ስላወጀ አመሰግናለሁ። የማኅበር ነገር ሲነሳ ክፍሏን ዘግታ የምትቀመጠው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጄ ሐዳሳ ይህን አንብባ፣ «ዳዲ፣ ሶ አንተም ድሬስ አፕ ካደረግክ፣ ኦኬ፣ እመጣለሁ» አለችኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ አብራኝ ልትወጣ ፈቀደች ማለት ነው፤ እንኳን ከረሜላ፣ ማዳበሪያ ልበስ ብትለኝም እለብስ ነበር።

፪. ምርጫው አንድ ሳምንት ፈጀ። ባለ እንጨቱ ክብ ከረሜላ በመኪናው በር አልገባ አለ። ቸኮሌት እንዳልሆን ደግሞ ባለቤቴ የትምወርቅ ወተት ያለበት ነገር በነቢያት ጾም አይለበስም ብላ ከለከለችኝ፤ የምንለብሰው እንጂ የምንበላው አይደለም ብንላትም አልተመለሰችም። በመጨረሻ ሐዳሳ በሚንኮሻኮሽ ሮዝ ወረቀት ተጠቀለለች፤ እኔ ፊቴን እስከ ጆሮዬ ቀለም ተቀብቼ ቀይና ነጭ መስመር ያለው፣ ጫፉ የቆለመመ የዱላ ከረሜላ ሆንኩ። ቆልማማው ጫፍ ከአናቴ በላይ ስለነበር፣ የትምወርቅ ስትነዳ እኔ እስከ አዲሰን ድረስ አንገቴን ደፍቼ ሄድኩ።

፫. ዘጠኝ ሰዓት ስለተባለ በዘጠኝ ሰዓት መድረሴ የራሴ ጥፋት ነው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከወንበሮቹ ጋር ስንጫወት ቆየን። ከዚያ ሕዝቡ በሱፍና በሀበሻ ቀሚስ አምሮበት ገባ።

፬. እርስዎም ስምንት ዓመት እያወቁኝ፣ ለልጆች ማጫወቻ የተቀጠርኩ መስዬዎት የጓሮውን በር በትሕትና ስላሳዩኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ማስታወቂያውን ባስታውስዎ ጠጋ ብለው «አይ፣ እሱ እኮ ዝም ብሎ ለማድመቅ ነው» አሉኝ። አዋጁ ለሕዝብ፣ ሽረቱ በጆሮዬ ሆነ። ሰው ሁሉ ሳቀ። በእኔ መሳቃችሁ ግድ የለም፤ የልጄ ፊት ሲቀላ ማየት ግን አሞኛል። ከሕፃንነቷ ወዲህ እጄን ይዛ የማታውቅ ልጅ፣ ያን ዕለት እጄን ጭምቅ አድርጋ ይዛ ወደ መኪናው ወሰደችኝ።

ቀጣዩ የገና ግብዣ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ሐዳሳ የምትመጣው ሰብሳቢው ራሳቸው ከረሜላ ከለበሱ ብቻ መሆኑን አስታውቃለች። ስለዚህ ያወጡትን ሕግ አንድ ቀን እንኳ እንዲያከብሩልኝ ጎንበስ ብዬ እለምናለሁ፤ መጎንበሱን መቼም ለምጄዋለሁ።

በዋናው በር ገብቶ በጓሮው የወጣው፣
ቀዩ ቀለም ከጆሮው አልለቅ ያለው ታዛዥ አባልዎ፣
ሞላልኝ ጉግሳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ምን ልልበስ ብለው እንዳይጨነቁ ሐዳሳ መርጣልዎታለች፤ ባዶ የከረሜላ ወረቀት። ለትልቅ ሰው እንዲህ አይባልም ብዬ ተቆጣኋት። እሷም ማስታወቂያዎን ከስልኬ ላይ አውጥታ ውስጡ ያለውን እንዳሳያት ጠየቀችኝ፤ እስካሁን እየፈለግኩ ነው።