ስለ ትራክተሬና በደጄ ስለተሰለፉት ድንጋዮች

ሞርሲቶ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

እኔ ብዙነህ ላቾሬ፣ በጡረታ የተሰናበትሁ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ከዚያም ወዲህ የአንድ ትራክተርና የአንድ ተጎታች ባለቤት፣ ይህን ቃል የምሰጠው ማንም ሳያስገድደኝና ማንም ሳያባብለኝ ነው። ሐኪሙ ልቤም ኩላሊቴም እንደደከሙ ነግሮኛል። ስለ አእምሮዬ ግን ምንም አላለም፤ ስለዚህ ጤነኛ ሆኖ የቀረልኝን ሳይቀድመኝ ልጠቀምበት። የምትጽፍልኝ ጎረቤታችን መምህርት ሊያ ናት። እንዳታሳምረው ነግሬአታለሁ። በመካከል የሚናገር ሰው ካለም ንግግሩ ይጻፍ፤ በኋላ «እኔ እንዲህ አላልሁም» የሚል እንዳይነሣ።

አራት ምስክሮች ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ረሂማ አምስተኛ ልትሆን መጥታ ነበር፤ በኑዛዜው የሚጠቀም ሰው ምስክር እንደማይሆን ስነግራት «እኔ ደግሞ ምን ልጠቀም?» አለች። ኋላ ትሰማዋለች። እስከዚያው በሩ አጠገብ ወንበር ተሰጥቷታል።

አንደኛ። የምንኖርበት ቤት ከጓሮው እንሰት ጋር የባለቤቴ የወይዘሮ ገነቴ ነው። እንሰቱን የተከለችውም የምትፍቀውም እሷ ናት፤ እኔ በጥላው ከመቀመጥ በቀር ያደረግሁት የለም። በሕይወት እስካለች ድረስ ማንም ልጅ «ቤቱን እናድሰው» ብሎ እንዳያስወጣት። ጡረታ በወጣሁ ሰሞን በየማለዳው ማድ ቤት እየገባሁ የዕቃዋን አቀማመጥ ሳስተካክልባት፣ «የሚኪ አባት፣ ወይ አንተ ሥራ ፈልግ፣ ወይ እኔም ጡረታ ልውጣ» አለችኝ። ትራክተር የገዛነው በዚህ ምክንያት ነው። ሆሳዕና የነበረንን የቤት ቦታ ለዚሁ ስንሸጥ አብራኝ ፈርማለችና ትራክተሩ እኩሌታው የእሷ ነው።

ሁለተኛ። መሥሪያ ቤቴ በመሸኛዬ ዕለት የሰጠኝን የግድግዳ ሰዓት ለባለቤቴ ወንድም ለሽብሩ ትቻለሁ። ትራክተሩ የመጣ ቀን ጎማውን በእግሩ መታ መታ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ይሄ እንኳ እስከ ያሆዴ አይዘልቅም» ብሎኝ ነበር። ያሆዴ፣ የሀዲያ ዘመን መለወጫችን፣ መጥቶ ሄደ፤ ደግሞም መጣ፤ ደግሞም ሄደ። ትራክተሩ በዚህ መካከል የሽብሩን የቤት ድንጋይ፣ የሽብሩን ስንዴና የሽብሩን ልጅ የሠርግ ወንበር አመላልሷል። ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ይስማማዋል።

ሦስተኛ። ከወንዙ ማዶ ያለው የባሕር ዛፍ ቦታ የበኩር ልጄ የሚክያስ ነው። ሆሳዕና ለሚሠራው ቤት የሚያስፈልገውን እንጨት ከዚያ ይቁረጥ። መጻሕፍቴንም ወስዶ ይደርድር፤ ገልጧቸው ስለማያውቅ በእሱ በኩል አዲስ ናቸው።

ሚክያስ፦ «አባዬ፣ ይሄ ኑዛዜ ነው ወይስ ክስ?»

እኔ፦ «መዝገብ ቤት ሳለሁ ሁለቱንም አንድ ዓይነት ማኅደር ውስጥ ነበር የማስቀምጣቸው። ሊያ፣ ጻፊው።»

አራተኛው ነገር ትራክተሩ ነው። አብዛኞቻችሁ የመጣችሁት ለእሱ መሆኑን አውቃለሁና አላስጠብቃችሁም፤ ብቻ ምክንያቱን አስቀድማለሁ።

ጎልማሳነቴን የጨረስሁት መዝገብ በሚከመርበት ክፍል ነው። ጎሕ ሲቀድ በእግሩ ተነሥቶ የመጣ ገበሬ መዝገቡ ከሥር ይቀራል። ረፋድ ላይ በመኪና የመጣው ሰው መዝገብ ግን እንደ ቅቤ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። እኔ ከላይ ያለውን እያነሣሁ እንዳቀርብ የታዘዝሁ ሰው ነበርሁ፤ ስለዚህ አነሣሁ፤ አቀረብሁ። የራሴ የምለው ነገር ሲኖረኝ ግን አንድ ሕግ አወጣሁ። ሐሳቡን የሰረቅሁት ከቦኖ ውኃ ወረፋ ነው። ጭነት ያለው ሰው ስም አያስጽፍም፤ ስልክ አይደውልልኝም፤ የራሱን ድንጋይ ይዞ መጥቶ ከአጥሬ ሥር፣ ከመጨረሻው ድንጋይ ኋላ ያኖራል። የፊተኛው ይጫንለታል፤ ድንጋዩንም ያነሣል፤ የቀሩት ይጠጋሉ። በሽተኛ ወይም ምጥ የያዛት ሴት ከመጣች የፊተኛው ድንጋይ ባለቤት ተራውን እንዲሰጥ ይጠየቃል። እስከ ዛሬ እምቢ ያለ የለም። ቢሆንም ይጠየቃል። ሰው ሳይጠየቅ ከተወሰደበት ተዘረፈ እንጂ መች ሰጠ?

መጀመሪያ ተሳቀብኝ። «የጋሽ ብዙነህ ችሎት» ይሉት ነበር። በኋላ ከአንጋጫ ድንች፣ ከጃጁራ በርበሬ የሚያስጭኑ ሰዎች ድንጋያቸውን በማዳበሪያ ቋጥረው መምጣት ጀመሩ። ባለሥልጣንም መጥቶ ድንጋዩን አኑሯል። ትልቅ ድንጋይ ነበር፤ ቢሆንም አልቀደመም።

ዓይኔን ልታከም አዲስ አበባ በሄድሁ ጊዜ ሥራውን ለሚክያስ ተውሁለት። አሸዋ ለማስጫን የቸኮለ አንድ ባለ ሆቴል መጣበት፤ ሚክያስም ድንጋዮቹን በእግሩ ወደ ቦዩ ገፍቶ መንገድ ከፈተለት። ስመለስ ትልልቅ ሰዎች ቦይ ውስጥ አጎንብሰው ድንጋያቸውን ሲፈልጉ አገኘሁ።

ሚክያስ፦ «ድንጋይ እኮ ነው አባዬ። ደንበኛ ካልመረጥክ ሥራ አያድግም።»

እኔ፦ «ልክ ነህ፤ ሰው የሚከብረው በዚያ መንገድ ነው። እኔ የማወርሰው ግን ሀብት አይደለም፤ ትራክተር ነው።»

ባለፈው ሐምሌ ሽንቴ ተዘጋ። ሊያ ይህ ኑዛዜ ላይ አይጻፍም ብላኝ ነበር፤ ይጻፍ። አምቡላንሱ ጭቃ ውስጥ ቀረ፤ ከትራክተር በቀር የሚያወጣኝ አልነበረም። ተጎታቹ ላይ ሣር ጎዝጉዘው አስተኙኝ። ትራክተሩ ግን አይነሣም፤ የምትነዳው ልጄ አቢጋኤል የለችም። የማውቀውን የሀዲይኛ ስድብ ጨርሼ ወደ አማርኛው ስሻገር «ረሂማ ዘንድ ሄዳለች» አሉኝ። የፊተኛው ድንጋይ የረሂማ ነበር። ድንቿን አስቆፍራ ማሳ ላይ ቆማ ትራክተር ትጠብቃለች፤ ሰማዩም ጠቁሯል። የተነጋገሩትን ረሂማ ራሷ እንደነገረችኝ አስጽፋለሁ።

«እማማ ረሂማ፣ አባቴን አጣድፎታል። ተራዎን ይሰጡኛል?»

«አንቺ ልጅ፣ ሰውዬው እየሞተ ፈቃድ ትጠይቂኛለሽ?»

«ሳልጠይቅ ብወስደው ከመንገድ ያስመልሰኛል።»

«እሱስ ያደርገዋል። ሂጂ ውሰጂው፤ አላህ ያሽረው።»

በዚያች ሰዓት ልጄን ረግሜአታለሁ። ሆሳዕና ደርሰን፣ ቱቦው ገብቶልኝ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ ስተኛ ግን በዕድሜዬ ሁሉ እንደዚያ ኮርቼ እንደማላውቅ ተረዳሁ። በዚያ ሁሉ መዝገብ መካከል ስፈልገው የኖርሁት ሰው ለካ ቤቴ ውስጥ አድጓል።

ስለዚህ ትራክተሩ ከነተጎታቹ፣ ከነክሪኩና ከነመለዋወጫ ጎማው የአቢጋኤል ነው። አይሸጥ፤ ከደጁም ድንጋይ አይገፋ።

ገነቴ፦ «እኩሌታው የእኔ ነው ብለህ የለ? የእኔንም ጨምርላት።»

የባለቤቴ ፈቃድ በምስክሮች ፊት ተሰጥቷል።

አቶ ወልደ ሰንበት፦ «ጋሽ ብዙነህ፣ ምስክር ዝም ይበል ካላልከኝ፣ ወንድ ልጅ እያለ ለሴት ልጅ ትራክተር ሲሰጥ ሰው ምን ይላል?»

እኔ፦ «ስንዴህን ማን ያመጣልሃል?»

አቶ ወልደ ሰንበት፦ «ተራዬ ሲደርስ እሷው ናታ።»

እኔ፦ «እንግዲህ ሰው የሚለውን ስንዴህ ቤት ከገባ በኋላ ጠይቀው።»

አምስተኛ። የገንዘብ ዕዳ የለብኝም። ያለብኝ አንድ ተራ ነው። ያን ዕለት ዝናቡ የረሂማን ድንች ማሳ ላይ አበላሸው። ካሳ ብልክላት «የሰጠሁት ተራ ነው፤ የምቀበለውም ተራ ነው» ብላ መለሰችው። የሌላ ሰው ተራ ነጥቄ ዕዳዬን አልከፍልም፤ የምከፍለው ከራሴ ነው። የራሴ የምለው ተራ ደግሞ አንድ ብቻ ቀርቶኛል፤ እሱም የቀብሬ ነው።

ስለዚህ በሞትሁ ቀን ሚክያስ ከሆሳዕና መኪና እንዳይከራይ። አንድ ድንጋይ ከመጨረሻው ኋላ ይቀመጥልኝ። ሬሳ ብዙ ስለማይቆይ ከፊቴ ያሉት አንድ በአንድ ይጠየቁ፤ ከፈቀዱልኝ በተጎታቹ ልሂድ። ተጭኜ ሳለ ረሂማ ጭነት አለኝ ብትል ግን አውርዱኝና እሷ ትቅደም። እኔ አልቸኩልም።

ረሂማ (ከበሩ አጠገብ)፦ «ብዙነህ፣ ሬሳ አስወርጄ ድንች ላስጭን? አገር ምን ይለኛል?»

እኔ፦ «እምቢ የምትይው ያኔ ስትጠየቂ ነው። አቢጋኤል፣ እንድትጠይቂያት።»

አቢጋኤል፦ «እሺ አባዬ። እጠይቃቸዋለሁ።»

እዚህ ላይ ቃሌን ጨረስሁ። ሊያም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእኔና በአራቱ ምስክሮች ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው። ንባቡ ሲያበቃ ሚክያስ በቤቱ ውስጥ አልነበረም። እናቱ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች፤ ተቀይሞ ወደ ሆሳዕና የተመለሰ መስሏት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እኔም መስሎኝ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እጁ አፈር እንደለበሰ ገባ።

«ወዴት ነበርህ?» አልሁት።

«ባሕር ዛፉ ይመጣልኝ የለም እንዴ? ድንጋይ አኑሬ መጣሁ።»

«ከማን ኋላ?»

«ከጋሽ ወልደ ሰንበት።»

አቢጋኤል ሳትስቅ፣ «አዝመራ ነው ወንድሜ፤ ትቆያለህ» አለችው።

«እቆያለሁ» አለ፤ እጁንም ሊታጠብ ወጣ።

ይህ ከንባቡ በኋላ የሆነ ስለሆነ ሊያ ጨምራ ጽፋ እንደገና ሁሉንም አንብባልናለች። የሚጎድል የለውም። ብዕሩን ስጡኝ።

ተናዛዥ፦ ብዙነህ ላቾሬ (ፊርማ)

ቃሉን ሰምተን፣ ሲነበብም በቦታው ተገኝተን የፈረምን ምስክሮች፦

ወልደ ሰንበት ኃይሌ (ፊርማ)
ሙራድ ከድር (ፊርማ)
ሰሎሜ ኤርጃቦ (ፊርማ)
ትርሲት ሐንዲሶ (ፊርማ)

ጸሐፊ፦ ሊያ ጡሚሶ (ፊርማ)