አማቴ ያስተማሩኝ ሰሌን

ማክሰኞ፣ መጋቢት 15

ታክሲዬ ቀኑን ሙሉ የካምፓላን ሰው ስታመላልስ ዋለች። ማታ ስገባ የሚስቴ የናሙዱ እናት ለጥርሳቸው ሕክምና ከማሳካ መጥተዋል። በወጋችን አማችና አማት አይተያዩም። ያለን ደግሞ አንድ ክፍል ብቻ... በመጋረጃ ከፈልነው። ለጥቂት ቀን ነው፤ ይቻላል።

ሐሙስ፣ መጋቢት 17

በአዲሱ ወረርሽኝ ምክንያት ታክሲም አውቶቡስም ቆመ። አማቴ መሄጃ የላቸውም፤ እኔም መዋያ የለኝም። ልወጣ ስል እስላለሁ፣ እሳቸው ፊታቸውን ይሸፍናሉ። እስከ መቼ?

እሑድ፣ መጋቢት 27

ሻይ ቀጠነ ብዬ ከናሙዱ ጋር ተጣላሁ። በሻይ! መንገድ ሲከፈት ከእናቴ ጋር እሄዳለሁ አለች። ቀልድ መስሎኝ ነበር... አልሳቀችም። አማቴ ሁሉንም ሰምተዋል።

ሰኞ፣ መጋቢት 28

በመጋረጃው ሥር የተጀመረ ሰሌንና የዘንባባ ቅጠል ተንሸራቶ መጣ።

«አማቼ፣ እጅዎ ሥራ ሲፈታ አፍዎ ይሠራል። ይያዙ።»

ሰሌን የሴት ሥራ ነው አልኩ።

«መኪናውን የሚነዱት በሱሪዎ ነው እንዴ?»

ናሙዱ ሳቀች። እኔ ግን ያዝኩት።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 6

የሠራሁትን በመጋረጃው ሥር እልካለሁ። ይተረትሩትና ይመልሱልኛል። ዛሬ ደግሞ ዶሮ የጫረችው ይመስላል አሉ። ለምን አልተናደድኩም? ቅጠሉን በንዴት ስስበው ይበጠሳል... ቀስ ስል ይታዘዛል።

እሑድ፣ ግንቦት 2

ዛሬ አልተተረተረም! ከመጋረጃው ወዲያ «ይቀጥሉ» ብቻ። ሻዩ ቀጥኖ ነበር። ጠጣሁት። ናሙዱ አየችኝ።

ዓርብ፣ ግንቦት 28

መንገድ ተከፈተ። ማሳካ ድረስ ራሴ ወሰድኳቸው። የውስጡን መስታወት ወደ ጣሪያው ሳዞረው ጋቢና የተቀመጠ ተሳፋሪ ምነው አለኝ። አማቴ ከኋላ ናቸው አልኩት። ገባው። የጨረስኩትን ሰሌን ይዘው ወረዱ። ናሙዱ? ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር አላወጣችም። እኔም አልጠየቅኋት።

እሑድ፣ ሰኔ 14

አማቴ ደወሉ። ናሙዱ አነሳች፤ እሷን ሳይሆን እኔን ፈለጉ። እንግዶች መጥተው ሰሌኑ ላይ አስቀምጠዋቸው ኖሯል፤ እንግዶቹ እየዳሰሱ ማን ሠራው ብለው ጠየቋቸው።

«ልጄ ነው አልኳቸው። ‹የትኛዋ?› ሲሉኝ ‹ወንዱ› አልኩ። ‹አንቺ እኮ ወንድ ልጅ የለሽም› አሉኝ።»

ምን አሏቸው ታዲያ? አልኩ።

«አለኝ አልኳቸው።»