ያወጣሁት እጅ

ሰኞ፣ ግንቦት 3
ዛሬም ስብሰባ። ሁለት ሰዓት ተባለ፣ አምስት ሰዓት ተጀመረ። ቀበሌያችን ከወንዙ ማዶ ካለው ቀበሌ ጋር ከተዋሃደ ወዲህ አራተኛው ነው። ከኛ በኩል ም/ቤት የገባነው እኔና ሸህ አሊ ብቻ፤ የቀሩት ሁሉ ነባሮቹ ናቸው። አጀንዳውን የምንሰማው ስንገባ ነው፤ እነሱ ቀድመው መክረው ይመጣሉ። ሸህ አሊ ለምን እንደሚጠሩን አይገባቸውም። እኔ ገብቶኛል፤ ምልዓተ ጉባኤ እንዲሞላ ነው።
ደብተሬ፣ ጅዳ ሰው ቤት ስሠራ እንኳ ምሳ ምን ይሁን ብለው ይጠይቁኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ግንቦት 13
የግጦሽ ጨፌያችንን አጀንዳ አድርገው አነሱት! ለነሱ ወጣቶች ባሕር ዛፍ መትከያ ይከፋፈል ተባለ። አባቴ በሬዎቹን የሚያሰማራበት ሌላ መሬት የለውም። የጎረቤቱም ከብት እዚያው ነው። ሸህ አሊ ታመው ቀርተዋል። ብቻዬን ነኝ።
ተቃውሞዬን ለመናገር እጄን አወጣሁ። ሊ/መንበሩ አቶ ይመር አየኝ፣ ዕድል ግን አልሰጠኝም። እጄን ሳላወርድ የምትደግፉ አለ። ሁሉም አወጡ። እኔንም ቆጠረኝ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ ተባለ።
ተነሥቼ ልናገር ብዬ ነው አልኩ። ተሳቀ። ወደሚቀጥለው አጀንዳ ታለፈ። ተቀመጥኩ። ለምን ተቀመጥኩ?

ዓርብ፣ ግንቦት 14
ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። ለጎረቤቶቻችን አሰላሙ አለይኩም ስል ፊታቸውን ያዞራሉ። አባቴ እጅሽን አውጥተሻል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አውጥቻለሁ አልኩት። የቀረውን አልሰማኝም። አፈርኩ፣ ተናደድኩም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 18
መካነ ሰላም። ነገሩን ላመለክት አይሱዙ ላይ ተንገላትቼ ወረዳ ደረስኩ። የወረዳው ጸሐፊ የስብሰባችንን ቃለ ጉባኤ አሳየኝ። ሸህ አሊም ደግፈዋል ይላል። አልጋ ላይ ሆነው!
የሁለታችንም ስም አለ፣ ፊርማችን ግን የለም። ከአዲሶቹ አንድ ሰው እንኳ ካልፈረመ ወረዳው አያጸድቅም አለኝ። እስኪርቢቶም አቀበለኝ። እምቢ አልኩ። እስከ ዓርብ አስቢበት አለ። በመንገዱ ሁሉ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 19
ደስታው ዕድሜ አልነበረውም። አቶ ይመር እኔ በሌለሁበት አባቴን አናግሮታል። ካልፈረመች የዘንድሮ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ለናንተ ወገን ይዘገያል ብሎታል። ዝናቡ ደግሞ ደርሷል።
አባቴ ከአምስት ቀን በኋላ አናገረኝ። ፈርሚላቸው አለ። አይኔን አያይም። ጎረቤቶቹም እሱን ልከውት ነው፤ እነዚያው ፊት የነሱኝ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 20፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት
ነገ እሄዳለሁ። እፈርማለሁ። ከፊርማዬ በላይ ግን በራሴ ጽሑፍ፣ እጄን ያወጣሁት ለመናገር ነበር ብዬ እጽፋለሁ። አባቴ ይቅርብሽ አለ። አይቀርብኝም። ከፈለጉ ይቅደዱት።