ያላየሁት ፎቶ

ጥቅምት 3

ቀይዋን የቤት ቀሚስ ጎንና ጎኗን በሁለት ጣት አጠበብኩ። ባለፈው ሳምንት በአንድ ጣት ነበር።

"ኒዕማት፣ ጨርቁን ነው ወይስ እኔን ነው የምትቀንሺው?" አለች ኢንሻራህ። አፌ ውስጥ ስፒል ስለነበር አልመለስኩም። ስፒል ጥሩ ሰበብ ነው።

ሆስፒታል ከገባች አሥራ ሁለት ቀኗ። ሐኪሙ ዛሬ ኮሪደር ላይ አስቆመኝ። "ቤተሰብ ነሽ?" "አልባሿ ነኝ።" ትንሽ አሰበ። ሃያ ስድስት ዓመት፣ በአሥራ ዘጠኝ ፊልም ላይ ያለበስኳት፣ ከሁለት ባል በላይ የቆየሁት እኔ ነኝ... ይህን አልነገርኩትም። ከፊቴ ላይ አንብቦት ይሆናል። ከእንግዲህ ማስታገሻ ብቻ ነው አለኝ።

እሷ አንድ ነገር ብቻ ለምናኛለች። "እንዲህ ሆኜ ማንም እንዳያየኝ። ከሞትኩ በኋላም።" ወላሂ ብዬ ምያለሁ።

ጥቅምት 5

እህቴ ከሪማ ከታንታ ከተማ ደወለች። እዚያ ሸይኻ ዙሁር የሚሏት ሴት አለች፤ በበሽተኛ ፎቶ ላይ ቁርኣን ትቀራለች። የከሪማ ጎረቤት ባል ተቀርቶለት በእግሩ ገበያ ሄዷል አሉ። ግን ፎቶው የአሁን መሆን አለበት፣ ራስም መሸፈን የለበትም።

"ለምን?"

"ጨርቅ ላይ ተቀርቶ ምን ይረባል፣ አንቺ ደግሞ!"

ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ ወስዷት ሳለ ሻሿን ገለጥ አድርጌ ፎቶ አነሳኋት። ለከሪማ ላክሁ። ወዲያው ከስልኬ አጠፋሁት። ለሸይኻዋ ብቻ ብዬ ከሪማን አስምያታለሁ። ዱዓ ነው። ለዱዓ መታየት... መታየት አይባልም። ይባላል?

ጥቅምት 9

ወጣ። ያለፀጉር፣ ያለሻሽ፣ ዓይኗን ጨፍና። አገር ሙሉ እጅ ላይ ነው። የበር ጠባቂው ነገረኝ፣ ሊያሳየኝም ስልኩን ዘረጋ። "ወዲያ አድርግልኝ!" ብዬ ጮህኩበት። አላይም። ያየ ሁሉ ተባባሪ ነው።

ከሥሩ የሚጻፈውን ግን አነበብኩ፤ የላይኛውን በመዳፌ ከልዬ።

"አላህ ይማራት፣ ግን በዚያ ፀጉር ስንቱን አሳስታለች።" ሰባት ሺህ ሰው አሚን ብሎለታል።

"የአዲሱ ፊልሟ ማስታወቂያ ነው፣ አትሞኙ።"

"ጥቁር አዝሙድ በማር፣ አርባ ቀን። ስልክ ቁጥሬ ከታች አለ።"

"ልቤ ተሰበረ" የምትል አንዲት ደግሞ አለች። ተከታትዬ ገጿን ከፈትኩ። ከሁለት ደቂቃ በኋላ የጥፍሯን ቀለም ለጥፋለች።

ውሾች። ሁሉም።

ማነው ያነሳት? ክፍሉ ውስጥ አዘውትረን የምንገባው ሐኪሙ፣ እኔና ሃናዲ ነን። ሃናዲ የጠዋቷ ነርስ ናት። ስልኳ ከኪሷ ተለይቶ አያውቅም።

ጥቅምት 10

ለነርሶች ኃላፊ ነገርኩ። ሃናዲን አስጠሩ። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ።

"በእናቴ ቀብር፣ እትዬ ኒዕማት! እኔ እንኳን ፎቶ ላነሳ፣ ሲያጥቧት ፊቴን አዙሬ ነው አንሶላ የምቀይረው!"

"ፊቱን አዙሮ አንሶላ የሚቀይር ሰው ዛሬ አየሁ" አልኩ። ቢሮው ውስጥ የነበሩት ሳቁ። ደስ አለኝ።

ታገደች።

ጥቅምት 11

ፎቶውን አላየሁም። አሁንም።

ጥቅምት 13

ጠዋት ቴሌቪዥኑ ሞተች ብሎ ገደላት። አቅራቢዋ አለቀሰች፣ ማስታወቂያ ገባ፣ ተመልሳ ካቆመችበት አለቀሰች። ለመዝጋት ስሮጥ ኢንሻራህ ድምፁን ጨመረች።

"ሞቻለሁ እኮ። ማን ማን ደረሰ?"

"እትዬ ኢንሻራህ፣ እባክዎ..."

"ያቺ እባብ አልቅሳለች? ሁለት ፊልም የነጠቀችኝ?"

"በጥቁር መነጽር።"

"መነጽሩ የኔ ነው! ተውሳኝ አልመለሰችም! ደውይና መልሺ በያት፣ ሟቿ ልትቀበርበት ፈልጋለች!" ሳቀች። ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፣ ሳሉ አልቆም አለ። ጀርባዋን ያዝኩ። አጥንቷን መቁጠር ይቻላል።

ሲያልፍላት ዝቅ ባለ ድምፅ "ፎቶው... በጣም አስቀያሚ ነው?" አለች።

"አላየሁትም።"

"በግብፅ ምድር ያላየሽው አንቺ ብቻ ነሽ።" እጄን ያዘች። ብዙ ቆየች።

ከበሩ ውጭ ስልካቸውን ወደ መስኮቷ የደቀኑ ሰዎች አሉ። አበባ የያዙም አሉ። አበባውን ይዘው ራሳቸውን ያነሳሉ። ባልዲ ውሃ ብደፋባቸው? አራተኛ ፎቅ ነው። ይደርሳል።

ጥቅምት 15

ከሹብራ ሰፈር ወደ ሆስፒታል ስመጣ ሚኒባስ ውስጥ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ስልኳን ጭኗ ላይ ከፍታለች። ሳላስበው ዓይኔ ሄደ።

ትራሱን አወቅሁት፤ ጠርዙን የጠለፍኩት እኔ ነኝ። ብርሃኑ ከግራ። የከሰዓት በኋላ ብርሃን። ሃናዲ ከሰዓት አትሠራም። ቀኝ ጥግ ላይ ደግሞ ድብዝዝ ያለ ነገር... ጣት። ፎቶ ሳነሳ ሁሌ ጣቴ ይገባል። ከሪማ ከልጅነታችን ጀምሮ ትስቅብኛለች።

"ምስኪን" አለች ሴትዮዋ። "ይህን ያነሳ እጁ ይቆረጥ።"

"አሚን" አለ ሾፌሩ። "አሚን" አሉ ከኋላ። እኔም አልኩ። ከአፌ ወጣ።

ወርጄ ከሪማ ጋ ደወልኩ።

"ለሸይኻዋ ብቻ ነው የላክሁት፣ ወላሂ! እሷ ደግሞ አብረዋት ለሚቀሩት ሴቶች አስተላልፋ... አርባ ናቸው፣ ዱዓው እንዲበዛ ብላ ነው፣ አትቆጪኝ..."

አርባ ሴት። አርባ ስልክ። አልጮህኩባትም። ለሌላው ሁሉ የነበረኝ ጩኸት ለእሷ ሲሆን የት ሄደ?

ጥቅምት 16

ትናንት ቀኑን ሙሉ ዝም አልኩ። ምግቧን አቀረብኩ፣ ሻሿን አሰርኩ። ዝም ብል ማን ያውቃል? ሐኪሙ የቀራት ሳምንታት ነው ብሏል። አምናኝ ትሙት አልኩ... ለእሷ ብዬ ነው አልኩ። ለማን ብዬ እንደሆነ አውቃለሁ።

ዛሬ ጠዋት ለኃላፊዋ ተናገርኩ። ቀጥዬ ወደ ክፍሉ።

ነግሬያት እስክጨርስ ጣሪያ ታያለች።

"ለዱዓ ነበር፣ እትዬ።"

"አላህ መልኬን አያውቀውም? ፎቶ ያስፈልገዋል?"

ከደረቴ ላይ ስፒል ነቅዬ መልሼ ሰካሁ።

"ነርሷ ልጅስ?"

"ነገ ትመለሳለች።"

"በሰው ፊት ሌባ አድርገሽ ሸኝተሻት፣ በጓዳ በር 'ትመለሳለች'?" ድምፅ ከየት አመጣች? "ሦስት ቀን እጅሽን ይዤ ተኛሁ። አንቺ ብቻ አላየሽኝም ብዬ!"

ልቀርባት አንድ እርምጃ ሄድኩ።

"ስፒልሽን ሰብስቢ። ከዛሬ ጀምሮ እሷ ታልብሰኝ።"

ደረጃው ላይ ተናደድኩ። በእሷ። ሃያ ስድስት ዓመት! አንዲት ቁልፍ ሳልዘጋ ወደ ካሜራ ሰድጃት አላውቅም! ... ወደ አርባ ሴት ግን ሰደድኳት። ቁጣዬ እዚያው ሦስተኛው ፎቅ ላይ ባለቤት አጣ።

ጥቅምት 18

ሃናዲን በዚያው ቢሮ፣ የሳቁት ሁሉ ባሉበት ይቅርታ ጠየቅሁ። ሳቂ አልነበረም። "እሺ" አለች።

"እንዴት ናት?"

"ስለ ታማሚ ለውጭ ሰው አንናገርም፣ እትዬ።"

እንዳዋረድኳት አላዋረደችኝም። ሕጉን ነው የነገረችኝ።

ጥቅምት 21

ወደ ላይ እንዳልወጣ ኢንሻራህ ለበር ጠባቂው ትእዛዝ ሰጥታለች። ዓይኔን ማየት አፍሮ "አይዞሽ" አለኝ።

ከበሩ ማዶ፣ ሰዎቹ መሐል ቆምኩ። አንዱ ጣዕሚያ፣ የባቄላ ጥብስ፣ በዳቦ ይበላል። ሁለት ሴቶች የቁርኣኑን ያሲን ይቀራሉ። ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ቀርተው መጥተዋል።

የአራተኛው ፎቅ መጋረጃ ተንቀሳቀሰ።

"እሷ ናት!" ሁሉም ስልኩን አነሳ።

እሷ አልነበረችም። ሃናዲ ናት፣ መጋረጃውን በገፋው ክርኗ አወቅኋት፤ ቀዩን ቀሚስ ለፀሐይ ልታሰጣ መስኮቱ ላይ ትዘረጋለች። በትከሻው ሳይሆን በአንገቱ ነው የያዘችው፣ ይለጠጣል።

"እህቴ፣ በቅርብ አይተሻት ታውቂያለሽ?" አለችኝ ከሚቀሩት አንዷ።

"አይ። በፊልም ብቻ።"

"እንግዲያ ወደዚህ ጠጋ በይ፣ ከዚህ በደንብ ይታያል።"

ጠጋ አልኩ።